ጉዳት፦ የለም

...ማን ተጎዳ ደግሞ፣ ማንም አልተጎዳም፣ የቀልድ ፕሮግራሙን አርባ ክፍል አይታ አርባ ጊዜ «ጉዳት፦ የለም» ብላ ጽፋለች፣ ይሄ አርባ አንደኛው ነው፣ እሱም ላይ ያንኑ ጽፋለች፣ ግን የጻፈችው ክሩን ከማየቷ በፊት ነው። ክሩን። ቆይ እስቲ፣ ልመልሰው፣ ትላለች ጮክ ብላ፣ የሚሰማት እንደሆነ የለም፣ ስድስት ጠረጴዛ ያላት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ጭር ብላለች፣ ሌሎቹ አምስቱ ተማሪዎች እየተጠራሩ ወጥተዋል፣ እሷን ነይ ያላት የለም፣ ቢጠሩኝስ መች እሄዳለሁ፣ ሥራ አለብኝ፣ ሥራዋ ደግሞ ቁጭ ብሎ መሳቅ።

እውነቷን ነው፣ ሥራዋ መሳቅ ነው። የሥነ ምግባር ጥናት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፣ አማካሪዋ የምትወጂውን ነገር ያዢና መርምሪው፣ የጠሉትን መክሰስማ ማንም ያውቅበታል አሏት፣ እሷ የምትወደው ምን አለ፣ «ጠፋችሁ እኮ» አለ፣ ያ ቀልደኛ ልጅ ካሜራ አስደብቆ መንገደኛ ላይ የሚጠመጠምበት ፕሮግራም፣ አጎቴ! ጠፉ እኮ! ረሱኝ እንዴ? ይላል ጨርሶ የማያውቀውን ሰው፣ ሰውዬውም ይሉኝታ ይዞት እንዴት እረሳሃለሁ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ እናትህስ ይላል፣ ማን ይሆን እያለ በሆዱ፣ ልጁ ይገፋል፣ ሰውዬው ይገባል፣ እስከ የት ይገባል፣ ጨዋታው ይኸው ነው። ስትበላ ታየዋለች፣ ልብስ ስታጥፍ ታየዋለች፣ የልጁ ድምፅ ሲሰማ ቤቷ ውስጥ ሰው የገባ ይመስላታል፣ ይሄንን ግን ለአማካሪዋ አልነገረችም፣ ይሄ ለጥናት አይሆንም። የጻፈችው ሌላ ነው፣ ሳቁ የዋህ ነው፣ ፈቃድ ያልሰጠ ሰው ፊቱ ይሸፈናል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ያልታወቀ ሰው አይዋረድም ብላ ሦስተኛውን ምዕራፍ ጨርሳለች፣ ሰኞ ታስረክባለች።

ይኸኛው ሽማግሌ ፊቱ ተሸፍኗል። ድምፁን እንደ ጫጩት አቅጥነውታል፣ መጀመሪያ የሳቀችው በሱ ነው፣ የጎረሰችው ዳቦ ትን እስኪላት፣ ጫጩቱ ሻይ ልጋብዝህ ሲል ሳቀች፣ አባትህ እኔን ይመስል ነበር ሲል ሳቀች፣ ከዚያ ሽማግሌው እጁን ዘረጋና የልጁን ኮሌታ ገልብጦ አየ፣ መለሰው፣ የተንጠለጠለች ክር አገኘ፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አንዴ ጠምጥሞ፣ ቀጭ።

እንዲህ አድርጎ ክር የሚበጥስ ሰው አንድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፋ ልብስ ሰፊ፣ የሰው ልብስ ላይ ክር አይቶ ማለፍ የማይችል፣ ባንክ ቤት በመስኮቱ ቀዳዳ እጁን ሰዶ የገንዘብ ተቀባይዋን እጅጌ ክር በጥሶ እኮ ያውቃል፣ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብላ ነበር።

አባዬ። አባዬ ነህ?

ኧረ አይደለም። ነው። ጃኬቱ ነው፣ ወንበሩ ላይ ጥግ ይዞ አቀማመጡ ነው፣ ሙሉ ወንበር ለሱ ብቻ ሆኖ እንኳ ለሌላ ሰው ቦታ የሚተው እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ እንዴት አላወቅኩትም፣ ለምን አላወቅኩትም፣ ፊቱን ቢሸፍኑትስ፣ ልጁ አይደለሁም ወይ። መለሰችው። አሁን በቀጭኑ ድምፅ ውስጥ የሱን ድምፅ ትሰማለች፣ ልጅ አለችኝ፣ ይላል አባቷ ለማያውቀው ልጅ፣ ትልቅ ትምህርት ትማራለች፣ አትደውልም፣ እኔም አልደውልላትም፣ ስደውልላት የሚያቃጥል ነገር የጨበጠች ይመስል ቶሎ ልትጥለኝ ትቸኩላለች፣ ይላል፣ እዚህ ጋ ፕሮግራሙ የሕዝብ ሳቅ አስገብቶበታል። የጥናቷን ሰንጠረዥ ታያለች። አራተኛው ደቂቃ፣ «የሳቅ መጠን፦ ከፍተኛ»። ማን ጻፈው፣ እሷ ናታ፣ በገዛ እጇ።

እኔ እቸኩላለሁ? አልቸኩልም። መቼ ነው የቸኮልኩት። አራት ወር ይሆነዋል፣ ደውሎ ነበር፣ አባዬ ስብሰባ ላይ ነኝ አለችው፣ እሺ ልጄ አይዞሽ በርቺ ብሎ ዘጋ፣ ስብሰባ አልነበረም፣ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ይህንኑ ፕሮግራም እያየች ነበር፣ አንድ ሴትዮ የልጁን የሌለች እናት ጤና እየጠየቁ ነበር፣ ደስ ይሉ ነበር ሴትዮዋ። ያንን ቀን በኋላ እደውልለታለሁ አለች። አልደወለችም። አሁንም በኋላ ነው።

ምን ይደረግ ታዲያ፣ ይህን ክፍል ከጥናቱ ላውጣው፣ አርባም አይበቃም እንዴ፣ ማን ያውቃል፣ ማንም አያውቅም፣ ወይስ «ጉዳት፦ አለ» ልበል፣ የማን ብለው ቢጠይቁኝስ፣ የአባቴ ልበል? የኔ ልበል? ምዕራፉ ሁሉ ሊፈርስብኝ ነው። ተይ እንጂ፣ አሁን የሚያሳዝንሽ ምዕራፉ ነው? አንቺ ሴትዮ አታፍሪም? ስልኩን አንስታ አስቀመጠች፣ አነሳች፣ ምን እለዋለሁ፣ ስቄብሃለሁ ይባላል ወይ።

ደወለች። ሄሎ፣ ይላል አባቷ። ልጄ? ምን ሆነሽ ነው? ምንም አልሆንኩም አባዬ። አመመሽ? ኧረ ደህና ነኝ። ምንም ሳትሆኚ ነው የደወልሽው? አዎ። ተመስገን፣ ይላል፣ ተመስገን፣ ተመስገን፣ ሦስቴ። አባዬ፣ አንድ ልጅ መንገድ ላይ አጎቴ ብሎህ ነበር? እንዴ! ወጣ እንዴ? ወጥቷል። ያስቃል? ያስቃል፣ ትላለች፣ እሱም ከት ብሎ ይስቃል፣ ይሄን ሳቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ።

አታለለህ እኮ አባዬ። እኔን? ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ፣ ከየት የመጣ የወንድም ልጅ ነው፣ ገና አጎቴ ሲል አውቄዋለሁ። ታዲያ ለምን አልነገርከውም? ምን ብዬ፣ ከኔ በፊት አራት ሰው ሲገፈትረው አይቻለሁ፣ አፍሯል፣ ላብ በላብ ሆኗል፣ ኮሌታውም ተተርትሮ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቼ ነው የተቀመጥኩት፣ ተጫወትን፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ስለ ሁሉም ነገር ጠየቀኝ።

ጠየቀኝ ይላል፣ ሲጠየቅ የማያውቅ ሰው። ፊትህን ግን ሸፍነውታል፣ ትላለች። እኔ ነኝ ሸፍኑ ያልኳቸው፣ ለኔማ ምን ገዶኝ፣ አንቺ ግን የተማረ ሰው መሀል ነሽ፣ የዚያ ጅል ሽማግሌ ልጅ እንዳይሉሽ ብዬ ነው። ለሷ ነው የሸፈነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ ይህ አልተጻፈም፣ ምዕራፉ ፈቃድ የከለከለ ሰው ለራሱ ብሎ የከለከለ ነው የሚለው።

ስሚማ፣ ይላል አባቷ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስለ አንቺም የሆነ ነገር ቀባጥሬያለሁ፣ ሰው ሲያዋራኝ አፌ ተፈታና፣ እሱን ቁረጡልኝ ብያቸው እሺ ብለው ነበር። ቆረጡት?

ሁለት ዓመት ሙሉ እውነትና ውሸት ሲመዘኑ አንብባለች፣ ስንት መጽሐፍ፣ ስንት ክርክር፣ ፈተናው ላይ ከክፍሉ አንደኛ ወጥታለች። ቆርጠውታል፣ ትላለች። እሰይ፣ ይላል፣ እሰይ፣ ይባረኩ፣ እፎይ ብሎ ሲተነፍስ ይሰማታል።

አባዬ፣ ነገ ልምጣ?

ነገ? ነገ፣ በመጀመሪያው አውቶብስ። ትምህርትሽስ? ይቆያል። ስልኩን የሚዘጋ የለም፣ የሚቸኩል የለም።

እንግዲያውስ አልቆረጡትማ፣ ይላል አባቷ።