ሳትስቂ ብርሃኑን እዪ

የዲላዋ የሒሳብ መምህርት ሳሮን ሲጨንቃት ትስቃለች። ለሥራ ስትፈተን ስቃለች፤ እህቷ ስትዳር ሚዜ ሆና ቆማ፣ ፓስተሩ ቃል ኪዳኑን ሲያስነብቡ ሳቅ አምልጧት ከአዳራሹ ወጥታለች። ስለዚህ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ያልተለያትን መነጽር በሌዘር ሕክምና ልትገላገል ስትወስን፣ የፈራችው ሕመሙን አልነበረም።

አዲስ አበባ ያለው ሐኪም፣ "ሁለት ሳምንት ዓይን ላይ የሚለጠፈውን ኮንታክት ሌንስ አታድርጊ፤ በመነጽርሽ ቆዪ" አላት። "በዕለቱ ኩልም ሽቶም የለም። የሚመልስሽ ሰው ይዘሽ ነይ። አልጋው ላይ ስትተኚ ከላይ ያለችውን አረንጓዴ ብርሃን ዝም ብለሽ ማየት ብቻ ነው።"

ቅዳሜ አባቷ አቶ ተሾመ ወደሚኖሩበት ወደ ዱመርሶ ሄዳ ነገረቻቸው።

"ብስቅስ አባዬ?"

"ይሄማ ልምምድ ነው የሚፈልገው።"

የሚያሰጡትን ቡና ትተው በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር አስተኟት። የስልካቸውን መብራት አበሩና እንዳይወጋት በመሐረብ ሸፈኑት።

"እስከ ስልሳ እቆጥራለሁ። ሳትስቂ ብርሃኑን እዪ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት..."

አራት ላይ ፈነዳች። የአባቷ ፊት የቀበሌ ስብሰባ እንደሚመራ ሰው ኮስተር ብሎ ነበር።

ሳቋን የሰሙት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ገበያነሽ መጡ። ነገሩን ሲረዱ፣ "እንግዲያው እኔ ላስቃት፤ እሷ ትቻለው" አሉ። እንደ ዶሮ ጮኹ፤ የባላቸውን ማንኮራፋት አስመሰሉ። ሳሮን በሳቅ ከወንበሩ ልትወድቅ ደረሰች። በሁለተኛው ቅዳሜ ግን በሳቅ መሬት የተቀመጡት ራሳቸው ወይዘሮ ገበያነሽ ሆኑ፤ ሳሮን ስልሳን ሞላች።

በቀጠሮው ቀን አባትና ልጅ አብረው ሄዱ። አቶ ተሾመ ለአዲስ አበባ ብለው ሽቶ ተርከፍክፈው ነበርና ነርሷ፣ "አባቴ፣ እርስዎ እዚህ አይጠጉ" ብላ ኮሪደሩ ጫፍ አስቀመጠቻቸው።

"ልጄ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ እቆጥራለሁ!" አሏት ጮክ ብለው።

ሳሮን ተኛች። ጠብታው ዓይኗን አደነዘዘው፤ መሣሪያው ጠቅ ጠቅ አለ። ሳቁ አንዴ ደረቷ ድረስ መጣ። ብርሃኗን ብቻ እያየች ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች፤ ሳቁ ተመለሰላት።

"አለቀ" አላት ሐኪሙ። "ጎበዝ ነሽ።"

በማግስቱ ተመርምራ ደህና መሆኗ ተነገራት። ጥቁር መነጽር አድርጋ በሚኒባስ ከአባቷ ጋር ወደ ዲላ ጉዞ ጀመረች። የሱቅ ስም፣ የጭነት መኪና ታርጋ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ ያየችውን ሁሉ ጮክ ብላ አነበበች። ሐዋሳ ሲደርሱ አቶ ተሾመ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉት።

"ልጄ፣ እኔ ትንሽ ልተኛ። የቀረውን ለሹፌሩ አንብቢለት።"