ስለ ወገኖችሽ ንገሪን

ልብስ ሰፊዋ ከርእሰ መምህሩ ስልክ ሲደወልላት የደንበኛ ቀሚስ ስፌት መኪናው ላይ ጥላ ተነሳች። ሜትሩ እንኳ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ደሟ ፈልቷል፤ የፈላውም በገዛ ልጇ ነው። ነገ የሥነ ዜጋ ፈተና አለ፤ ልጅቷ የትምህርቱን መምህር ይቅርታ ካልጠየቀች አትፈተንም፣ ካልተፈተነች ደግሞ ክፍል ትደግማለች። የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስትወጣ «ጌታዬ፣ ምላሴን ያዝልኝ» አለች።

ርእሰ መምህሩ ቢሮ እንደገባች ግን ጥግ ላይ የቆመችው ልጇ ላይ ጮኸች። «አንቺ ምላሳም! ምን ብለሽ ነው ያዋረድሽኝ?»

«አልናገርም ነው ያልኩት፣ እማዬ።»

መምህሩ በለስላሳ ድምፅ ጀመረ። «እትዬ፣ ርእሳችን አብሮ መኖር ነው። ከየቦታው የመጡ ልጆች ተነስተው ስለ ወገኖቻቸው እንዲነግሩን አደርጋለሁ። የእርስዎ ልጅ ግን እምቢ አለች።»

«ሁሉንም ያስነሳሉ?» አለች እናቲቱ።

መምህሩ ወደ ርእሰ መምህሩ ዞረ።

«ሦስታችንን ብቻ ነው» አለች ልጅቷ። «ሌላው ቁጭ ብሎ ይሰማል። ‹እናንተ ስትናደዱ ምን ታደርጋላችሁ? እናንተ ለምን እንዲህ ናችሁ?› ይሉናል መምህር። እኔ በምን አውቄ? የተወለድኩት እዚሁ ገበያው ጀርባ!»

የእናቲቱ ቁጣ ሳይበርድ ፊቱን ወደ መምህሩ አዞረ።

«በክፉ አይደለም» አለ መምህሩ። «እንዲያውም ለማክበር ነው። እርስዎስ ቢሆኑ፣ እዚያ እናንተ ጋ...»

«የት እኛ ጋ?» ሜትሩን ከአንገቷ መንጭቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ይህን የለበሱትን ሱሪ ያሳጠርኩልዎት እኔ ነኝ። ያን ለታ ‹እናንተ› ብለውኛል?»

ርእሰ መምህሩ ተሽቆጠቆጠ። «በቃ እናቴ፣ አንዲት ቃል ናት። ይቅርታ ትበልና ነገሩ ይብረድ።»

«አንዷም አትወጣትም! ነገ መጥታ ትቀመጣለች። ካስወጣችኋት እኔ እያየሁ፣ ክፍሉ ሁሉ እያየ አስወጧት።»

ውጭ እንደወጡ ልጅቷ «ቢያስወጡኝስ?» አለች።

«ዝም ብለሽ አጥኚ!»

በነጋታው ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ዘግታ የፈተናው ክፍል በር ላይ ቆመች። መምህሩ ወረቀት እያደለ ልጅቷ ጋ ሲደርስ ወደ በሩ ቀና አለ። እናቲቱ ዓይኗን አልሰበረችም። ወረቀቱን አስቀመጠላትና አለፈ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አነሳች።

ርእሰ መምህሩ በኮሪደሩ መጣ። «ይኸው ተቀመጠችልዎት። አሁንማ ይሂዱ።»

«ማስነሳትማ ታውቁበታላችሁ» አለችና ልጇ እስክትጨርስ ልትጠብቅ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።