አልጋው እስኪዘረጋ

ዓይናዲስ አራዳ ገበያ በርበሬና ሽሮ ስትሸጥ ምላሷን የሚችለው የለም፤ ስብሰባ ላይ ግን ተናግራ አታውቅም። የዚያን ዕለት በቀበሌው አዳራሽ እጇን አወጣች።

ከጤና ጽሕፈት ቤት የመጣችው ባለሙያ ቤዛዊት፣ «ወጣቱን እየጨረሰው ያለው የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ነው። መንግሥት በጀት መድቧል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡትን እናሽጋለን፤ ሱስ የያዛቸውን ደግሞ አልጋ ሰጥተን እናክማለን፤» ስትል ከዓይናዲስ ጆሮ የገባው አልጋው ብቻ ነበር።

ልጇ ደሴ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከዛሪማ ሲመለሱ መኪናው ተገልብጦ እግሩ ተሰበረ። አጥንቱ ቢገጥምም፣ ለሕመሙ የተሰጠው ትራማዶል ግን አብሮት ቀረ። ሐኪም ማዘዙን ቢተወውም ደሴ ኪኒኑን አልተወውም።

«ሰፈራችን ያለው ባለፋርማሲ፣ አያ ቢሻው፣ ይሸጣል፤» አለች ዓይናዲስ። «ለኔም ልጅ ይሸጥለታል።»

ጎረቤቷ አዛለች በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ምነው እቴ፣ ልጅሽን በአደባባይ?»

«ይዳንልኝ እንጂ አደባባዩ ምን ያረገኛል።»

ፋርማሲው ታሸገ። ሰፈርተኛው መረቃት። ቤቷ ውስጥ ግን ደሴ በላብ ተነክሮ ይንቀጠቀጣል፤ የቀመሰውን ሁሉ ያስመልሳል፤ እግሮቹ አልታዘዝ ብለው ፍራሹን ይረግጣሉ። «አጥንቴ ውስጥ ጉንዳን ገብቷል እማ፤» ይላታል። ደግፋ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ ደህና ሰው ነው፤ አላመናጨቃትም። «ይሄ ነገር በአንዴ አይቆምም፤ እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። ለዚህ የሚሆን ክፍል ግን የለንም፤» አላት።

ልጇን ቤት አስተኝታ ወደ ቤዛዊት ሄደች።

«አልጋው የት ነው ልጄ?»

ቤዛዊት ወንበር ሳበችላት። «እትዬ፣ የቁጥጥሩ በጀት ተለቋል። የሕክምናው ገና ነው። ከሐምሌ በፊት የሚለቀቅ አይመስለኝም።»

«ሁለቱም ባንድ ላይ ነው ብለሽን አልነበር?»

«ብያለሁ። እኔንም እንደዚያ ነበር ያሉኝ።»

«አልጋው ሳይኖር ፋርማሲውን ምነው አሸጋችሁት?»

ቤዛዊት አቀረቀረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በሚቀጥለው መድረክ እንደ አርአያ እናት እንዲናገሩልን አስበን ነበር፤» አለች።

«ምን ብዬ?»

ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች።

ቤት ስትደርስ ደሴ ግድግዳውን ተደግፎ ጫማውን ለማሰር ይታገላል።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ዛሪማ የሚሄድ መኪና አለ። እዚያ ኪኒኑ ይገኛል አሉ።» ቀና ብሎ አያት። «አያ ቢሻውን የጠቆመው ማነው እማ?»

«እኔ ነኝ።»

ሳቅ አለ። «ሸጋ። እኔ ደግሞ ጠላት ያለብኝ መስሎኝ።»

በዚህ ሁኔታው ከወጣ ተመልሶ እንደማይመጣ ልቧ ነገራት። ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው። «ቁጭ በል። እኔ አመጣልሃለሁ።»

መናኸሪያ ኪኒን በድብቅ የሚሸጠው አዳነ የሚባል ጎረምሳ ነው። ነጠላዋን ተከናንባ ስትመጣ አይቶ፣ «እማማ፣ ለወገብዎ ነው ለጉልበትዎ?» አለና ጓደኞቹን አሳቀ።

«ለልጄ ነው።»

ሳቁ ጠፋ። ዋጋውን ነገራት። ፊቷ ሲለወጥ፣ «ምን ላድርግ እማማ? ፋርማሲው ሲታሸግ ተወደደ። የጠቆመውን ሰው እግዜር ይስጠው፤ ገበያ ከፈተልኝ፤» አላት።

ከፈለችው።

በመንገዷ ሁሉ የሐኪሙን ቃል ታመላልሰዋለች፤ እየተቀነሰ። ኪኒኑን እሷ ትይዛለች፤ እየቀነሰች ትሰጠዋለች፤ ሐምሌ ሲገባ አልጋው ይዘረጋል። አንዷን ለብቻ አውጥታ የቀረውን በመቀነቷ ጫፍ አጥብቃ ቋጠረችው።

በብርጭቆ ውሃ ሰጠችው። ሰዓት ያህል ሳይቆይ፣ እሷ እያየችው፣ ላቡ ደረቀ፤ እግሮቹም አረፉ። ፊቱ ላይ የድሮው ደሴ ብቅ አለ። ተነሥቶ አቀፋት። እግሩ ከተሰበረ ወዲህ እንዲህ አቅፏት አያውቅም።

«እማዬ፤» አላት፣ አገጩን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ።

ጣቶቹ ወገቧ ላይ ቋጠሮውን በዝግታ ሲፈቱ ተሰማት። ባለችበት ቆመች። ከተንቀሳቀሰች ይለቃታል።