የእስያ ታሪክ በደቦ

ቆቦ ውስጥ የእስያን ሥልጣኔዎች ታሪክ በኢንተርኔት የሚማሩ አራት ሰዎች ነበሩ። ከአራቱ የምታነበው አንዷ ብቻ ነበረች።

አንዷ ጀዊሪያ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሳለች ጦርነቱ መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ሲከፈት እሷ በአክስቷ በዚነት ፎቶ ኮፒ ቤት ቆማ የሰው መታወቂያ ታባዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያስተማራት የለም። እንግሊዝኛውን ደንበኞች ሊያባዙ ካመጡት መጽሐፍ፣ የቀረውን ከስልኳ ለቃቅማ ነው የተማረችው፤ ይህንንም ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። አንድ የውጭ ኮሌጅ ይህን ኮርስ በጥሩ ውጤት ያለፈን ሰው፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት ባይኖረውም ለዲግሪ እንደሚቀበል ያነበበች ቀን ከደስታዋ ብዛት የስንቱን ሰው መታወቂያ ዘቅዝቃ አባዛች። ሌላ በር አልነበራትም።

ሦስቱ ግን በር ሞልቷቸዋል። መምህር አያሌው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ የፈለገው የደረጃ እድገት ነው። በርሄ የማሽላ ነጋዴ ነው፤ የፈለገው መጋዘኑ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ነው። ሙንተሲር ደግሞ የወረዳ ሠራተኛ ነው፤ የፈለገውን እሱም አያውቀው፤ አያሌው ሲመዘገብ አይቶ ተመዘገበ።

እነዚህ ሦስቱ ታሪክን እንደ ማሽላ አረም በደቦ ያዙት። እሁድ እሁድ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ባለ ተራው ለስላሳና ዳቦ ያቀርባል፣ ሁሉም ተረባርበው የእሱን ጽሑፍ ይጽፉለታል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ሦስቱ ተደምረው አንድ ጭንቅላት ስለማይሞሉ፣ ሦስቱም ጽሑፍ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ስለ ጥንታዊት ቻይና የመንግሥት ፈተና ነበር። ተፈታኙ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይዘጋበታል፤ ስሙ ይሸፈናል፤ የእጅ ጽሑፉ እንዳይለይ መልሱ በሌላ ሰው እጅ ተገልብጦ ለአራሚ ይቀርባል። ሦስቱ ሰዎች ይህንን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ዳቦ እየቆረሱ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየቀጠለ ጻፉት። ጀዊሪያ ከማሽኑ ኋላ ሆና ሰማቻቸው።

«ዋይ አነ! ሰውን ብቻውን መዝጋት ምን የሚሉት ነው?» አለ በርሄ። «ቻይናዎቹ ጎረቤት የላቸውም?»

«ጎረቤትስ ነበራቸው ጋሽ በርሄ» አለች ጀዊሪያ። «ደቦ ነው ያልነበራቸው። ለዚህ ነው አገር የሆኑት።»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን!» አለች ዚነት።

በርሄ አልተቀየመም። «እሺ በሐር መንገድ ላይ ኬላ ነበረ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ጠረጴዛ የወጣ ብቸኛው የሚረባ ጥያቄ ይህ ነበር። አያሌው «ኬላ የዘመናዊ መንግሥት ነገር ነው» ብሎ ዘጋው፤ ሙንተሲርም «ልክ ነው» አለ። ጀዊሪያ ጥንትም ኬላ እንደነበረ አንብባለች። አልነገረቻቸውም። ፈልገው ያግኙት።

አንድ እሁድ አያሌው የእሷን ጽሑፍ ከማተሚያው ላይ አንሥቶ አየው አየውና አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመረበት። በርሄ ለስላሳ አቀበላት፤ ጠምቷት ነበርና ጠጣች። በቃ! በነሱ ሕግ ጀዊሪያ ደቦ ገባች። ተሠርቶላታል፣ ጠጥታለች፤ ሲጠሯት መውጣት አለባት። «ነጠላ ሰረዙን እኮ መልሼ አጠፋሁት» ብትልም የሰማት የለም።

ብዙ ሳይቆይ ኮሌጁ የጽሑፎቹን መንትያነት ደረሰበት። ከእንግዲህ የቤት ሥራ የለም አለ። ውጤቱ ሁሉ በአንድ ፈተና ይሆናል፤ ፈተናውም በካሜራ ፊት፣ ክፍል ውስጥ ብቻን ተዘግቶ። ሌላ ፊት ከታየ ወይም ሌላ ድምፅ ከተሰማ ይሰረዛል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። የጀዊሪያ ፈተና ጠዋት፣ የአያሌው ከሰዓት በኋላ ሆነ።

ዚነት ጓዳውን ለቀቀችላትና በሩ ላይ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «ዝም በሉ፣ ልጅቷ ፈተና ላይ ናት!» እያለች ከሁሉ በላይ የምትጮኸው እሷው ነበረች። ጀዊሪያ ወጥታ ባትቆጣት ኖሮ ፈተናው ሳይጀመር ባለቀ ነበር።

ተጀመረ። ሕንድን ጨረሰች፣ ጃፓንን ጨረሰች። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ስትደርስ በጓሮ በኩል ካለው መስኮት ሹክሹክታ መጣ።

«ጀዊሪያ!»

ጣቷ ቆመ። አልዞረችም።

«ጀዊሪያ፣ እኔ ነኝ፤ አያሌው። ምን ምን መጣ? ሕንድ ነው ቻይና?»

ጀዊሪያ መጻፏን ቀጠለች።

«ኧረ አቤት በይ! ሰው ሲጠራሽ አቤት አይባልም? ያን ጊዜ ሠርቼልሽ የለም እንዴ? አሁን ተራው የኔ ነው እኮ!»

በድምፁ ውስጥ እፍረት የሚባል አልነበረም። የተቆጣ ሰው ድምፅ ነው። በደቦው ሕግ ተበዳዩ እሱ ነበር።

ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከዚያ ፈተናውን በካሜራ የምትጠብቅ መነጽር ያደረገች ፈረንጅ ብቅ አለች። «የሰው ድምፅ ሰምቻለሁ» አለች በእንግሊዝኛ። «ማነው? ምን እያለሽ ነው?»

አያሌው ይህን ያህል እንግሊዝኛ አያጣም። «ሰላምታ ነው በያት!» አለ ከመስኮቱ ሥር። «ወንድሜ ነው በያት። አይ፣ አባቴ ነው በያት፤ አባት ይከበራል።»

ሴትየዋ አማርኛ አታውቅም። «የሰፈር ሰው ነው፣ ሰላም እያለኝ ነው» ብትላት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እውነቱ ግን አያሌውን ብቻ ሳይሆን እሷንም ይዞ ሊወድቅ ይችላል፤ ሕጉ ድምፅ ይላል እንጂ የማን ጥፋት አይልም። ጀዊሪያ ይህን ሁሉ አሰበች። ከዚያ ደግሞ ዋሽታ ኮሌጅ ብትገባ ከእነዚህ ሰዎች በምን እንደምትለይ አሰበች። ለአያሌው ብሎ መዋሸት ከአያሌው ጋር አንድ ገበታ መቅረብ ነው። ተጸየፈችው።

«መምህር ነው» አለች፣ እንግሊዝኛዋን ቃል በቃል እየለቀመች። «ይህንኑ ኮርስ ይማራል። የሱ ፈተና ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጥያቄዎቹን ንገሪኝ እያለኝ ነው። አሁን ደግሞ አባቴ ነው በያት አለኝ። አባቴ አይደለም፤ አልሐምዱሊላህ።»

ላፕቶፑንም ወደ መስኮቱ አዞረችው።

የሌላ አገር ሰው ቢሆን ጎንበስ ብሎ በጠፋ። የቆቦው መምህር ግን የሰው ፊት አይቶ ሰላም ሳይል እንዴት ይሂድ? ኮቱን ቆለፈ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ። በክፍል እንግሊዝኛው እንዴት አደሩ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ፣ የአየሩ ጠባይስ እንዴት ይዟችኋል ብሎ ጠየቀ። ሴትየዋ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አቶ አያሌው ነዎት?» አለች የመመዝገቢያ ፎቶውን እያየች።

«አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አያሌው።

«አንቺ ጠብቂ» አለቻትና ጠፋች።

ጀዊሪያ ጠበቀች። አያሌው ከመስኮቱ ሥር «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል፤ እሷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስድብ እንኳ አልመጣላትም።

ሴትየዋ ተመለሰች። የካሜራውን ቀረጻ አይታዋለች፤ ጀዊሪያ ለአያሌው አልመለሰችለትም። ትቀጥል። ያለፈው ሰዓት ግን አይተካም።

የመጨረሻውን ጥያቄ ግማሹን ብቻ ጽፋ ሰዓቱ አለቀ።

ውጤቱ ሲመጣ ኮሌጁ የሚፈልገውን ነጥብ ለጥቂት አልፋ ተገኘች፤ ለዲግሪው ተቀበሏት። አያሌው ተሰረዘ። በርሄና ሙንተሲር «ሰው የሌለበት ሥራ ምን ያደርግልናል» ብለው ራሳቸው ተዉት። በርሄ ግን መጋዘኑ ለገባ ለወጣው ሁሉ «ለስላሳዬን ጠጥታ!» ይላል፤ ከዚያ ሌላ ክስ አላገኘም።

ዚነት እያባዛች አኮረፈቻት፤ በመጨረሻ አልቻለችም። «ሰላምታ ነው ብትያት ምን ይጎድልብሽ ነበር? ልጆቼን የሚያስተምር ሰው ነው እኮ።»

«ለዚህ ነዋ ካርታ ላይ ቆቦን የማያገኟት።»

«እንግዲያው ጓዳዬን አልሰጥሽም፤ ማደሪያሽንም ሌላ ፈልጊ!» አለች ዚነት። «በኔ ቤት ሰው አይዋረድም። ከሰው የተለየ ትምህርት የምትማሪ ከሆነ ከሰው ተለይተሽ ተማሪ።»

«እሱን ነበር የምለምነው አክስቴ» አለች ጀዊሪያ። ከአፏ የወጣው እንዲያ ነው። ልብሷን ስታጥፍ ግን ሁለት ጊዜ በሩን ዞራ አየች፤ የመጣ አልነበረም።

ሚኒባስ ተሳፍራ ጎረቤት ከተማ ሮቢት ወረደች። መንገድ ዳር ክፍሎች የሚያከራይ ሰው ሁለት አሳያት። አንደኛው ሰፊ ነው፣ በመንገዱ በኩል መስኮት አለው። ሁለተኛው ከኋላ ነው፤ ጨለማ፣ መስኮት የሚባል ያልተሠራለት።

«ይሄኛው» አለች።

«ሙቀቱ ይገድልሻል፣ እኅቴ።»

«ይግደለኝ» አለችና ቁልፉን ተቀበለች።