ከአዘዞ እስከ ባሕር ዳር

«ባሕር ዳር ነው ያረፈው!» አለ የጥበቃ ሠራተኛው፣ በጎንደር አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ለተሰበሰበው ሰው። «ጉሙ አላሳርፍ ብሎት ተመለሰ።»

ሥርጉት ስልኳን ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። ወንድሟ ኪዳነ ማርያም ከአዲስ አበባ የተሳፈረው በዚያው አውሮፕላን ነበር። አባታቸው መሪጌታ ሐብተ ማርያም ትናንት ማታ ሞተዋል። ለእሱ የተነገረው ግን «አባባ ሕመሙ ጠንቶባቸዋል፣ በጧቱ አውሮፕላን ና» ብቻ ነው። አገሩ ለሠርግ በስልክ ይጠራራል፤ ለመርዶ ግን ስልክ ነውር ነው። ሰው ከደጁ ሲደርስ፣ ሽማግሌ ከቦት ነው የሚረዳው። ስለዚህም ሥርጉት ሲያለቅስ ያደረ ዓይኗን ታጥባ፣ ነጠላዋን እንደ ወትሮው ጥለቱን ወደ ታች ጥላ፣ ደህና ሰው መስላ ልትቀበለው መጥታለች።

ስልኩ ጠራ።

«ሥርጉትዬ፣ ሰማሽ? ባሕር ዳር ላይ ጥለውን ቁጭ አሉ» አለ ኪዳነ ማርያም። «ነገ ጧት እንወስዳችኋለን ብለው ሆቴል ሰጡን።»

«ምነው በመኪና አትመጣም?»

«ያን መንገድ እያወቅሽው! ሚስቴ በመኪና እንዳትሞክረው ብላ አስምላኛለች። በአየር እኮ ቀበቶ አስረሽ ሳትፈቺ መድረስ ነው። አባባስ እንዴት አደሩ?»

«ተኝተዋል» አለች።

«በይ እስክመጣ ጠበል አጠጪያቸው» ብሎ ዘጋው።

ይዟት የመጣው ጎረቤታቸው ክንዴ ታክሲውን ተደግፎ ሲሰማ ቆይቷል።

«አሁን ከተነሣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን አድርጎ ሦስት ሰዓት ቢፈጅበት ነው» አላት። «ኬላ ላይ ቢያቆዩትም ለቀብሩ ይደርሳል።»

ለአጎቷ ለቄስ ገብረ ሚካኤል ደወለች። ከኋላቸው የፍትሐቱ ዜማ ይሰማል።

«እስከ አሥር ሰዓት እንጠብቃለን፣ ልጄ። ሬሳ ሁለት ሌሊት አያድርም።»

«እንግዲያ ልንገረዋ፣ አባ?»

«በስልክ? እግዚኦ! ብቻውን በሰው አገር፣ ደግፎ የሚይዘው ሳይኖር? ተይ፣ አይሆንም።»

ቄሱ እውነት አላቸው። የጎረቤታቸው የአየለች ልጅ መርዶ በስልክ ሰምታ፣ ከደረጃ ወድቃ እግሯን ሰብራለች። መንገዱም ቢሆን ሥርጉትን ያስፈራታል፤ በአንድ ቀን አባትም ወንድምም ማጣት አለ። ነገር ግን ኪዳነ ማርያም አባቱን አፈር ሳያለብስ ቢቀር፣ ዕድሜውን ሙሉ የሚቀየመው እሷን ነው።

«እኔ ልንገርልሽ?» አለ ክንዴ።

«ተወው። የኔ ነው።»

ወደ ታክሲው መስታወት ተጠጋች። ነጠላዋን አወረደችና ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው አዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያ በቪዲዮ ደወለችለት።

የኪዳነ ማርያም ፊት ፈገግ እንዳለ ብቅ አለ። ዓይኑ ከፊቷ ወደ ነጠላዋ ወረደ፤ እዚያው ቀረ። ሥርጉት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ እሱም አልጠየቃትም።

ስልኩ ከእጁ ወርዶ የሆቴሉን ወለል ብቻ ሲያሳይ ቆየ። የማታውቀው ሰው «አይዞህ፣ ያዘኝ» ሲለው ሰማች። ቀጥሎ ወንድሟ ያን ሰው ሲጠይቅ ሰማችው።

«ወንድሜ፣ የጎንደር መኪና የት ነው የሚገኘው?»