ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር

እናት ትምህርት ቤቱ ግቢ ስትደርስ ፈተናው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ልጇ የመፈተኛ ካርዷን ጠረጴዛ ላይ ረስታ ወጥታለች፤ ያለ ካርድ ደግሞ መፈተን የለም። «በቃ፣ የልጄ ዓመት ገደል ገባ» እያለች ነው መንገዱን የጨረሰችው። ክፍሉ ሠላሳ ዘጠኝ መሆኑን ታውቃለች፤ ይህን ማወቅ የሚበቃ መስሏታል።

የመጀመሪያው በር ሰባት ይላል። ቀጥሎ አርባ አንድ። ከዚያ ስምንት። ዓይኗን አሸች። ፎቅ ወጣች፣ አሥራ ዘጠኝ። ወርዳ ማዶ ተሻገረች፣ ሃምሳ ሁለት። ተመልሳ መጣች።

«እህት ዓለም፣ እኔ ስወለውል አንቺ ስትረግጪ ልንውል ነው?» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ።

«ስሞትልሽ፣ ሠላሳ ዘጠኝ የት ነው? ማን ነው ቁጥሩን እንዲህ የበተነው?»

«እዚህ ክፍል ቁጥር የሚያገኘው በተሠራበት ተራ ነው። ድንጋዩ ሕንፃ እስከ አሥራ ስምንት። ተማሪ ሲበዛ ፎቅ ጨመሩበት፣ እስከ ሠላሳ። ከዚያ ወዲያ ሸክላው፣ መጨረሻ ብሎኬቱ። ያንቺ ሸክላው ላይ ነው፤ ሩጪ!»

ሮጣ የሸክላውን ደረጃ ወጣች። ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስምንት፣ አርባ። መሃል ላይ ባዶ ግድግዳ ብቻ። በር ይኖረው ይሆን ብላ በመዳፏ ዳሰሰችው። ልጄን ሕንፃው ዋጣት እንዴ? በመስኮት ብቅ ብላ፣ «የለም እኮ!» ብላ ጮኸች።

የጽዳት ሠራተኛዋ ግንባሯን መታች። «ውይ የኔ ነገር! እሱማ እዚሁ ድንጋዩ ላይ ነው! ሸክላው ሲሠራ የድሮውን አዳራሽ በግድግዳ ለሁለት ከፈሉት፤ አዲሱ ግማሽ ሠላሳ ዘጠኝ ተባለ። መስኮቱ ቅስት ሆኖ ግማሹ የተቆረጠው፣ አየሽው?»

አየችው። ትልቁን ቅስት ግድግዳው መሃል ለመሃል ሰንጥቆታል። ደረጃውን በሁለት በሁለት ወረደች።

ፈታኙ በሩን ሊዘጋ እጀታውን ይዟል። ልጅቷ አጠገቡ ቆማ ታለቅሳለች።

«ካርዷ! ይኸው ካርዷ!»

«እማዬ፣ ምነው እንዲህ ቆየሽ?»

«እኔን አትጠይቂኝ! ግቢ!»

ፈታኙ ፎቶውን ከልጅቷ ፊት ጋር አስተያየና አስገባት። በሩ ተዘጋ።

እናት ላቧን ጠረገች። እስክሪብቶ ይዛ ይሆን? ፈታኙስ ኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ? ይህን እያሰላሰለች ወደ መውጫው ታጠፈች፤ ሃምሳ ሁለት ቁጥር ፊት ለፊት ቆመች። እንደገና ታጠፈች፤ አሥራ ዘጠኝ። እንዴት ፎቅ እንደወጣች እንኳ አላወቀችም።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ልጇ ስትጨርስ ፈልጋ ታውጣት።