የሦስት መቶ ዓመት ቀጠሮ

ግንቦት 2005 ነው። ያምሮት ትንፋሿን ውጣ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆማለች። ሳሎን ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች እንደ እሷው ቆመዋል፤ አባቷ አቶ ትዕዛዙ «ተቀመጡ» ካላሉ ልጅቱ አልተሰጠችም ማለት ነው። አቶ ትዕዛዙ ደግሞ ከቡሬ ወጣ ባለችው ቀበሌያቸው ሞዴል አርሶ አደርና የአንድ ለአምስት መሪ ናቸው፤ ሰውን በስብሰባ ሲያስቀምጡት ይውላሉ፣ ቤታቸው ሲመጣ ያቆሙታል። የምስክር ወረቀታቸው ግድግዳው ላይ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል።

«ልጁ ጨዋ ነው፤ የመስኖ ባለሙያ» አሉ አዛውንቱ አቶ ባዬ።

«ሰምቻለሁ። ካቶሊክ መሆኑንም ሰምቻለሁ።»

ያምሮትን ለማግባት የጠየቀው የከምባታው ልጅ ገነነ፣ ጥፋቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ካቶሊክ ሆኖ መወለዱ፣ ሁለተኛው የፍኖተ ሰላሙን የታሪክ መምህር ናሁሰናይን ሽማግሌ አድርጎ መላኩ። ናሁሰናይ ዲግሪ ስላለው ዝም ማለት አይችልም።

«ጋሽ ትዕዛዙ፣ በእንግሊዝ አገር እኮ ካቶሊክ ያገባ አልጋ ወራሽ እንደ ሞተ ተቆጥሮ ዙፋኑ ለሌላ ይተላለፍ ነበር።»

ያምሮት ዓይኗን ጨፈነች። የአባቷ ፊት ግን በራ።

«እሰይ! ሃይማኖት የሚያውቅ አገር! ታዲያ እኔ የመሬት ደብተሬን ካቶሊክ ለምታገባ ልጅ ላውርስ?»

«ኧረ ቀሪውን ይስሙኝ! ዘንድሮ ፓርላማቸው ይህን የሚሽር ሕግ አጸደቀ። ካቶሊክ ማግባት ተፈቀደ።»

«ንጉሡ ራሱስ ካቶሊክ ቢሆን?»

«እሱስ... አይፈቀድም።»

«የድሮው ሕግ ስንት ዘመን ቆየ?»

«ከሦስት መቶ ዓመት በላይ።»

«እንግዲያው እኔ ገበሬው ከፓርላማ ልፍጠን? የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት፣ ፋሲካን ውላችሁ ብቅ በሉ።»

አቶ ባዬ ለመሄድ ዱላቸውን አነሱ። ያምሮት መጋረጃውን ልትገልጥ ስትል እናቷ ወይዘሮ ደጊቱ ቀደሟት።

«አንቱ፣ እኔን ሲያገቡ ስንት መቶ ዓመት ፈጀብዎት?»

«አንቺ ሴት፣ ግቢ!»

«የሞጣው አባቴ ‹እኛ በሃይማኖት ቅባቶች ነን› ሲሉዎት፣ ‹ጥማድ በሬውን ግን ይሰጡኛል?› አይደል ያሉት? የንስሐ አባትዎ ቅባትን ከካቶሊክ እኩል እንደሚያወግዙ እያወቁ! ሃያ ስምንት ዓመት የእኔን ቅባትነት ደበቋቸው። እሑድ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ልንገራቸው?»

አቶ ትዕዛዙ የምስክር ወረቀታቸውን አዩ፤ ከዚያ ዝቅ ብለው ጊዮርጊስን አዩ። ሁለቱም አልደረሱላቸውም።

«መቸስ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዳ ቆሞ ይወራል? ተቀመጡ እንጂ!»

ከመጋረጃው ጀርባ ያምሮት ተነፈሰች። ናሁሰናይም ተቀመጠና፣ «ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ደግሞ...» ብሎ ሲጀምር አቶ ባዬ በዱላቸው ጫፍ እግሩን ወጉት።